የውሸቱ ማግኔት

እህቴ ሰኞ ማታ ቪዲዮ ላከችልኝ። አንድ ልጅ፣ አስራ አምስት አስራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የጥርስ ሐኪም ወንበር በመሰለ ነገር ላይ ተንጋሏል። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ጭንቅላቱ ላይ አስጠግታ ይዛለች። ጠ ጠ ጠ ጠ ይላል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል። ከስሩ ያለው ጽሑፍ ያለ መድኃኒት፣ ያለ ቀዶ ሕክምና ትኩረቱ ተመለሰ ይላል። ለእህቴ የላከችላት ዱባይ ያለችው የአክስታችን ልጅ ናት። ወዲያው የእህቴ ድምፅ ተከተለ፦ «ወንድሜ፣ አንተ የኤሌክትሪክ ሰው ነህ። ይሄ ነገር እውነት ነው? እውነት ከሆነ ወርቄን ሸጬም ቢሆን አሳክመዋለሁ።»

ወርቄ የምትለው የሰርጓን ነው። ስለዚህ ቀልድ አይደለም።

የኤሌክትሪክ ሰው ማለቷ ትንሽ ተጋኗል። እኔ የተቃጠለ ሞተር ነው የምጠቀልለው። ደቻቱ ማዶ፣ መጋላ፣ አንድ ሰው ቆሞ ሌላው ተቀምጦ የሚሠራባት ሱቅ አለችኝ። የውሃ ፓምፕ ይመጣል፣ ቬንትሌተር ይመጣል፣ አንዳንዴ የወፍጮ ሞተር በጋሪ ተጭኖ ይመጣል። ድሬ ላይ ቬንትሌተር የሚጠግን ሰው ሥራ አይፈታም፤ ግንቦት ላይ ሰው ምሳውን ትቶ ቬንትሌተሩን ታቅፎ ነው የሚመጣው። ግን ጥያቄዋ እኔ ጋ መምጣቱ ስህተት አልነበረም። ያ ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ያለው የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። ሕክምናው ቲኤምኤስ ይባላል፣ አንጎልን ከውጭ በማግኔት መቀስቀስ ማለት ነው። ኮይል። የኔ እንጀራ።

ልጁ የእህቴ ልጅ ነው። አስራ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ወስደነው ሐኪም ኤዲኤችዲ ነው አለን፤ የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር። ከዚያ በፊት ሁሉም የየራሱን ስም ሰጥቶት ነበር። ሰነፍ። ቀበጥ። ዓይን በልቶታል ያሉም ነበሩ። አንድ የጤና ተቋም ደግሞ (ስሙን አልጠራም) ካርዱ ላይ እየጻፈ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ቅብጠት ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» ያለን ሰው አለ። እኔ እስካሁን የሚቆጨኝ የሱ መልስ አይደለም። ያን ቀን እፎይ ብዬ ወደ ቤት መሄዴ ነው።

ከትምህርት በኋላ ሱቅ ይመጣል። አጎቴ ይለኛል፣ አንተ ይለኛል፤ አዲስ አበባ ያለ አንባቢ አይደንግጥ፣ እኛ ጋ አንቱ ብዙም አይሠራም። ኮይል ሲጠቀልል ብታዩት ችግሩ ምን እንደሆነ ያለ ሐኪም ይገባችኋል። የእንጨት ፎርማ አለ፣ እጀታውን ታዞራለህ፣ ሽቦው ይጠቀለላል፣ አንተ ትቆጥራለህ። ለአንዷ ፓምፕ 72 ዙር። 40 ላይ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል፣ ቀና ይላል፣ እጁ ግን መዞሩን አያቆምም። «ስንት ላይ ነበርኩ?» እንፈታዋለን። እንደገና። 55 ላይ አንድ ሐሳብ ይመጣለታል፣ ያወራልኛል፣ ሐሳቡ ደግሞ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሳቅ ያስቀኛል፣ እኔም ራሴ ቆጠራውን እረሳዋለሁ። እንደገና እንፈታዋለን። ዙሩ ከጎደለ ሞተሩ ይግላል፣ በሳምንቱ ተቃጥሎ ይመለሳል፣ ባለቤቱም አብሮት ተቃጥሎ ይመጣል።

ያው ልጅ አንድ ቅዳሜ ማንም መፍታት ያቃተውን የዛገ ፓምፕ ይዞ ከምሳ በፊት ተቀመጠ። ሲመሽ ፈታው። ውሃ እንኳ አልጠጣም። ሰው የማያምነው ይሄንን ነው። «ሲፈልግማ ይችላል» ይላሉ። እህቴን የሚያስለቅሳት ስድቡ ሁሉ አይደለም፣ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

እሺ፣ ወደ ማግኔቱ። ሦስት ሌሊት አነበብኩ። የማይገባኝን እንግሊዝኛ ልጁ ራሱ እየተረጎመልኝ ነው፣ ስለራሱ ስለሆነ ይሁን ስለ ኮይል ስለሆነ እንጃ፣ አንዴም አልተነሳም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መሠረቱ ያረጀ ነው። ፋራዴይ በ1831 ያሳየው። ሽቦ ውስጥ ያለ ከረንት በድንገት ሲለዋወጥ ዙሪያው ያለው ማግኔትም ይለዋወጣል፣ ያ ማግኔት ደግሞ አጠገቡ ያለ ከረንት የሚያስተላልፍ ነገር ላይ ሳይነካው ከረንት ያስነሳል። ትራንስፎርመር የሚሠራው በዚሁ ነው። አንጎል ጨዋማና ርጥብ ነገር ነው፣ ከረንት ያስተላልፋል። የራስ ቅል ማግኔትን አያግድም። ስለዚህ ትልቅ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ፣ ትሞላለህ፣ ከዚያ በአንዴ ኮይሉ ላይ ትለቅበታለህ፤ ብዙ ሺህ አምፔር፣ ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ። ኮይሉ ይደነግጣል። ያቺ ጠ የምትል ድምፅ እሷ ናት። እኔ አንዴ የሱቄን ኮይል በስህተት ሾርት አድርጌው ሽቦው ሲዘል አይቻለሁ፣ ድምፁን ስሰማ ወዲያው ነው ያወቅኩት። ድምፁ ጆሮ ስለሚጎዳ ታካሚው ማፈኛ ያደርጋል።

የማግኔቱ ጉልበት ከ1.5 እስከ 2 ቴስላ ይደርሳል፣ ኤምአርአይ ማሽን አካባቢ ማለት ነው። ግን ሩቅ አይሄድም። የተለመደው ኮይል የሚደርሰው ከጭንቅላት ቆዳ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ነው። የአንጎልን ላይኛውን ሽፋን ይነካል እንጂ ውስጡን አያገላብጥም። ቪዲዮው ላይ አንጎሉ ሁሉ በሰማያዊ ብርሃን ሲበራ የሚያሳዩት ካርቱን ነው።

በሰው ላይ አሁን ባለው መልኩ የተሠራው በ1985 ነው፣ እንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ ውስጥ፣ አንቶኒ ባርከር የሚባል ሰውና ባልደረቦቹ። ኮይሉን እጅን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ላይ አስጠጉት፣ ለቀቁበት፣ የሰውየው እጅ ዘለለ። ያለ መርፌ፣ ያለ ሽቦ። እስከ ዛሬም ሕክምናው ሲጀመር መጀመሪያ የሚፈለገው አውራ ጣት ነው። ጉልበቱን ቀስ እያሉ ይጨምራሉ፣ አውራ ጣት የምትነቃነቅበትን ልክ ያገኛሉ፣ ያ የሰውየው መለኪያ ይሆናል። ቴስተሩ ጣት ነው። ልጁ ይሄን ስነግረው አውራ ጣቱን አውጥቶ ብዙ ጊዜ ሲያያት ቆየ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። የቪዲዮው ማስታወቂያ «ፈቃድ ያለው» ይላል። አልዋሸም! መሣሪያው ፈቃድ አለው። ግን ለምን? የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2008 መጀመሪያ የፈቀደው መድኃኒት ላልረዳቸው የድባቴ ታማሚ አዋቂዎች ነው። በ2018 ለኦሲዲ፣ አንድ ሐሳብና ድርጊት እየተደጋገመ ለሚያስጨንቅ ሕመም፣ ተጨመረ። በ2024 ደግሞ አንዱ መሣሪያ ከ15 ዓመት ጀምሮ ላሉ ወጣቶች ከሌላ ሕክምና ጋር ተደርቦ እንዲሰጥ ተፈቀደ፣ እሱም ለድባቴ ነው። ለኤዲኤችዲ አልተፈቀደም። ማስታወቂያውን የለቀቀው ክሊኒክ ግን ያቺን አንዷን ቃል ይዞ ይሮጣል። አንድ ደንበኛ በቬንትሌተር ካፓሲተር የወፍጮ ሞተር ሊያስነሳ ሞክሮ ነበር፣ «ካፓሲተር ካፓሲተር ነው አቦ» እያለኝ። ጭሱ ሰፈሩን አዳረሰ።

ቢሆንም ለኤዲኤችዲ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። ሐሳቡ የሞኝ አይደለም። የአንጎል የፊት ክፍል፣ በተለይ የቀኙ፣ ፍሬን ይይዛል ይባላል፤ ተው፣ ቆይ፣ ጨርስ የሚለው እሱ ነው። ኮይሉን እዚያ ላይ አድርገን በተደጋጋሚ ብንመታው ይነቃ ይሆን? በአዋቂዎች ላይ የተሠሩት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፣ አንዱ ረዳ ይላል፣ ሌላው ከውሸቱ፣ ማለትም ለማወዳደር ከሚሰጠው የማስመሰያ ሕክምና፣ አልተለየም ይላል። እኔ ያቆመኝ በወጣቶች ላይ የተሠራው ነው። በ2012 የታተመ ነው። 9 ልጆች፣ ከ15 እስከ 20 ዓመት። ዘጠኝ! የሱቄ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ሻሂ የሚጠጡት ከዚያ ይበልጣሉ። በሰከንድ 10 ምት፣ በአንድ ቀን 2000 ምት፣ ለሁለት ሳምንት 10 ቀን፣ የቀኝ ፊት ላይ።

የሚገርመው አሠራሩ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሁለቱንም አግኝቷል። አንድ ዙር እውነተኛውን፣ አንድ ዙር የውሸቱን። በውሸቱ ወንበሩ ያው፣ ሰዎቹ ያው፣ ሰዓቱ ያው፤ ማግኔቱ ብቻ አንጎል ጋ አይደርስም። ልጁ ይሄን ሲተረጉምልኝ ስልኩን ነጠቀኝና ራሱ ያዘ።

«ታዲያ የትኛው አዳናቸው?»

ልጆቹ ተሻሽለዋል። በእውነተኛው ተሻሻሉ፣ በውሸቱም ተሻሻሉ። ልዩነት አልተገኘም። ሁሉም በሰላም ጨረሰ፣ ከባድ ጉዳት አልታየም፣ ግን ኮይሉ ሥራውን ለመሥራቱ ማስረጃ አልሆነም።

ሁለታችንም ዝም አልን። እውነቱን ለመናገር እኔ ተናድጄ ነበር፣ የእህቴን ወርቅ እያሰብኩ። እሱ ግን የሚያስበው ሌላ ነበር። «አጎቴ፣ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ዛሬ እንዴት ዋልክ ካለኝ እኔም እሻሻላለሁ» አለኝ። ልጆቹ ለምን እንደተሻሻሉ ከዘጠኝ ሰው ተነስቶ ማንም አያውቅም። ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ ተስፋ ሊሆን ይችላል፣ መጀመሪያ የመጡት በባሰባቸው ሰሞን ስለሆነ ሊሆን ይችላል። የሱ መላምት ግን እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ያው ማግኔት ለሌላ ነገር ሲውል ደግሞ ልቤን ሞላው። ለማከም ሳይሆን ለመለካት። በ2011 አሜሪካ የታተመ ጥናት አለ፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች፣ 49 ኤዲኤችዲ ያለባቸው፣ 49 የሌለባቸው። ሁለት ምት በጣም ተቀራርበው ይለቃሉ፣ መጀመሪያ ደካማ፣ ከዚያ ጠንካራ። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያዋ ደካማ ምት ሁለተኛዋን ታበርዳታለች፣ እጅ የሚነቃነቀው በትንሹ ነው። ፍሬን ማለት ነው፣ አንጎል ውስጥ ያለ ፍሬን። ኤዲኤችዲ ባለባቸው ልጆች ላይ ይህ ፍሬን በአማካይ 40 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ምልክቱ የባሰባቸው ላይ ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። አንድን ልጅ አስቀምጠህ አለበት የለበትም የምትልበት ምርመራ አይደለም። ግን «ሲፈልግማ ይችላል» ለሚሉት ሁሉ ባሳያቸው ደስ ይለኛል። ፍሬኑ የላላ መኪና ሾፌሩ ስላልፈለገ አይደለም የማይቆመው።

አሁን ድሬ ላይ ሆኖ ሳይነሳ የማይታለፍ ነገር ላንሳ። ጫት።

እኔ ቃሚ ነኝ፣ አልዋሽም። ልጁ ግን አምና ፈተና ሰሞን ሲቅም ያዝኩት። ገራባውን ደብተሩ ቦርሳ ውስጥ አገኘሁት። ልቆጣ ስል ምን አለኝ መሰላችሁ? «ስቅም ጭንቅላቴ ውስጥ ያሉት ሬዲዮኖች ሁሉ አንድ ጣቢያ ላይ ይቆማሉ።» ቁጣዬ አፌ ላይ ቀረ። ምክንያቱም አልዋሸም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የሥጋ ዘመድ ነው፣ ለኤዲኤችዲ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ከፊሎቹም ከዚያው ወገን ናቸው። ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚከስም ነው ከአወዳይ የሚነሱት መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት፤ ሁለት ቀን ካለፈው ጫት ምርቃናው የለም። ግን ሐኪም የሚያዘው በሚሊ ግራም ተለክቶ፣ ክብደትህ ታይቶ፣ ጠዋት ተውጦ፣ ልብህና እንቅልፍህ እየታየ ነው። ዙርባ ጫት ላይ ሚዛን የለም። ልጁ በምርቃናው ሌሊቱን ሙሉ አጠና፣ ሲነጋ አንድ ደቂቃ አልተኛም፣ ፈተናው ላይ ሀራራው መጣበት፣ ወደቀ። የኔን በርጫ እያየ ስላደገ እኔ ምን አፍ ኖሮኝ ልምከረው? ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ አልቅምም። ቤት ነው። እሱም ቢሆን ያሳፍረኛል።

ይሄን ያመጣሁት ለንስሐ አይደለም። ከማግኔቱ ጋር ይገናኛል። የዚህ ሕክምና የሚፈራው ጉዳት እንደ የሚጥል በሽታ ያለ ማንቀጥቀጥ ነው። በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚከሰተው፣ ብዙ ሰው ራስ ምታት ወይም የቆዳ ማቃጠል ብቻ ነው የሚገጥመው። ግን እንቅልፍ ማጣት አደጋውን ያሳድገዋል፣ አነቃቂ ነገርም ያሳድገዋል። ስለዚህ ከዚህ አገር ሄዶ ሌሊት ሲቅም አድሮ፣ ለነጮቹም ሆነ ለዓረቦቹ ሐኪሞች ጫት ምን እንደሆነ ሳይናገር ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ልጅ አስቡ። የሚጥል በሽታ የነበረበት ሰው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት ሰውም እንዲሁ አስቀድሞ መናገር አለበት። ቪዲዮው ስለዚህ አንድ ቃል የለውም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አገኘሁ፣ ለእህቴ ያቆየሁላት። በ2007 የታተመ ነው፣ የብዙ ልጆችን አንጎል በኤምአርአይ እየተከታተሉ ነው የሠሩት። የአንጎል ላይኛው ሽፋን ልጅ ሲያድግ ይወፍርና ከዚያ ይሳሳል። የውፍረቱ ጫፍ ላይ የሚደርሱበት ዕድሜ ኤዲኤችዲ በሌለባቸው ልጆች መሃል ለመሃል ሲታይ 7 ዓመት ተኩል ነበር፣ ኤዲኤችዲ ባለባቸው 10 ዓመት ተኩል። ሦስት ዓመት ዘግይቶ፣ ግን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። የሚዘገየው ከሁሉ በላይ የፊቱ ክፍል ነው። ሁሉም ያድግበታል ያልፍለታል ማለት አይደለም፤ ብዙዎች ጎልማሳ ሆነውም አብሯቸው አለ። ያ «ሲያድግ ይተወዋል» ያለን ሰውዬም በዚህ አልዳነም።

ሐሙስ ማታ ለእህቴ ደወልኩላት።

«ወርቁን አትሽጪ» አልኳት።

«ውሸት ነው በለኛ።»

«ውሸት አይደለም። ማሽኑ እውነት ነው። ለሱ ችግር፣ በሱ ዕድሜ፣ እንደሚሠራ ገና አላሳዩም። እነሱ ራሳቸው እየሞከሩ ነው፣ አንቺን ግን ያለቀለት አስመስለው ያስከፍሉሻል። ጥናት ላይ የሚሳተፍ ልጅ ከፍሎ አይደለም የሚገባው።»

ዝም አለች። ቬንትሌተሯ ሲዞር በስልኩ ይሰማኛል፣ የኔ ሥራ ነው፣ ትንሽ ይንቀጫቀጫል።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ዝም ብዬ ልየው?»

ይሄኛው ከማግኔቱ ከበደኝ። መድኃኒቱ አንዳንድ ወር ይገኛል፣ አንዳንድ ወር ፋርማሲ ለፋርማሲ ስንዞር እንውላለን። ሐኪሙ ጋ ለክትትል የቀጠርነውን ሁለት ጊዜ አሳልፈናል፣ አንዱ በኔ ጥፋት ነው። ወርቁን ከመሸጥ የአዲስ አበባውን ቀጠሮ እንያዝ አልኳት፣ ትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ። እንቅልፉን እንጠብቅ፣ ስልኩን ማታ አንቺ ያዢው አልኳት። ስልኩን ስል ሳቀች፣ ሦስት ሌሊት ይዞት ያደረው ከኔ ጋር ስለ ማግኔት ሲያነብ ስለሆነ። «አቦ መጀመሪያ አንተ አስቀምጠው» አለችኝ።

ቅዳሜ ልጁ ሱቅ መጣ። የቆርቆሮ ጣሳ ፊቱ አስቀመጠና ከመሳቢያው ትንንሽ ዳዶ አወጣ። አስር ዙር በሞላ ቁጥር አንድ ዳዶ ጣሳው ውስጥ ይጥላል። ጠ። እኔ አይደለሁም ያሳየሁት፣ ራሱ ያመጣው ነው። ባጃጅ ነፋ፣ ቀና አለ፣ ጣሳውን አየ፣ ቀጠለ። የሱቁ ደጃፍ ላይ ያሉት ሻሂ ጠጪዎች ያላግጡበታል፣ አልሰማቸውም።

ሲጨርስ ቆጠርን። ጣሳው ውስጥ ሰባት ዳዶ አለ። ከሰባ በኋላ ያሉትን ሁለት ዙሮች ረስቷቸዋል። ጨመርንና ቫርኒሽ ቀባነው።